«በሥነ ምግባር የተሠራ ቦርሳ» ማስረጃው ምንድን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቆየ ወዳጄ ልጅ ቤቴ መጣች። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም። ከያዘችው ፌስታል ውስጥ አንድ ቡናማ የቆዳ ቦርሳና ጥቂት ወረቀቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይቺን ጽሑፍ ይዩልኝ» አለችኝ።

ልጅቱ ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የስፌት መኪና የጀመረችው ሥራ ዛሬ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት የሴቶች ቦርሳ መሥሪያ ሆኗል። አውሮፓ የሚገኝ አንድ ሱቅ ቦርሳዎቿን ወድዶ ሊያዝ ፈልጓል። ከማዘዙ በፊት ግን 23 ጥያቄዎች ያሉበት ቅጽ ልኮላታል። ቆዳው ከየት ነው? ማን አለፋው? ሠራተኛው ስንት ይከፈለዋል? ትርፍራፊው የት ይጣላል? እያለ ይቀጥላል። ልጅቱ ለዚህ ሁሉ ያዘጋጀችው መልስ አንድ ገጽ የማይሞላ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መስመር «ምርቶቻችን በሥነ ምግባር የተሠሩ፣ ለአካባቢ ተስማሚና ዘላቂነት ያላቸው ናቸው» ይላል።

«ይህንን በምን ታረጋግጪዋለሽ?» አልኳት።

«በምን ማለት ጋሼ? ሠራተኞቼን አልበድልም። ቆዳው የአገር ቤት ነው። ሥራው የእጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

መልሷ ከልቧ እንደነበር አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የሕግ ትምህርት ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ በጭንቅላቴ የተቀረጸ አንድ ነገር አለ። አንድን ነገር አለ ብሎ የተናገረ ሰው የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። ቅንነት ደግሞ የሚደነቅ ጠባይ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን መለስኩላትና፣ «ይህንን መስመር አሁን አትላኪው፤ መጀመሪያ አብረን እንፈትሸው» አልኳት። ፊቷ ትንሽ ቅር አለው። ቢሆንም እሺ አለች። ቀጥሎ የማካፍላችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተማርኩትን ነው። የእሷ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው የምለው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ቦሌም ሆነ ፒያሳ አንድ ቦርሳ ስንገዛ የምናነበው ጽሑፍ ከዚህችው መስመር እምብዛም ስለማይለይ ነው።

ማኅተም ያለው ሁሉ እውነት ነውን?

ልጅቱ መጀመሪያ ያሰበችው፣ «ሰርተፊኬት ባወጣ አይገላግለኝም ወይ?» የሚል ነበር። ሰርተፊኬት ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሌዘር ዎርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ቆዳ ፋብሪካዎችን እየመረመረ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በሚል ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ምስክርነት በዋናነት የሚናገረው ስለ ቆዳ ፋብሪካው የአካባቢ አያያዝ ነው። ከዚያ ፋብሪካ ቆዳ ገዝቶ ቦርሳ የሚሰፋው ሰው ሠራተኛውን በምን ሁኔታ እንደሚያሠራ አይናገርም። የዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት በበኩሉ 10 መርሆዎች አሉት፤ ክፍያን፣ የሕፃናት ጉልበትን፣ የሥራ አካባቢን ያካትታሉ። እዚያ ለመድረስ ግን ገንዘብም፣ ጊዜም፣ መዝገብ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል። ዘጠኝ ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

በሌላ በኩል ማኅተም ብቻውን ሕይወት እንደማያድን ዓለም በመራር መንገድ ተምሯል። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ካራቺ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። ያ ፋብሪካ ኤስኤ 8000 የተባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ ሰርተፊኬት ካገኘ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር ያለፉት። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከልም በተቆጣጣሪዎች የተጎበኙ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ትንሽ መሥሪያ ሰርተፊኬት ስለሌለው ብቻ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚለው አነጋገር በፍርድ ቤት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ስለዚህ የቀረን ብቸኛ መንገድ ቦርሳዋን በታትኖ እያንዳንዱን ክፍል መጠየቅ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

የቦርሳ ሥሩ ቆዳ ነው። ልጅቱን «ቆዳውን ከየት ትገዢያለሽ?» ስላት፣ «ከመርካቶ» አለችኝ። መርካቶ ግን ቆዳ አያለፋም። ከነጋዴው ጀርባ ያለው ፋብሪካ ማን እንደሆነ አታውቀውም ነበር። በዚህ ረገድ ከሌሎች ትናንሽ መሥሪያዎች የምትለይ አይመስለኝም። ቆዳ በስኩዌር ፊት ተለክቶ፣ በቀለምና በውፍረት ተመርጦ፣ ብሩ ተቆጥሮ ይወጣል። የትውልድ አገሩን የሚጠይቀው የለም።

ለምን ይጠየቃል? ጥሬ ቆዳ ያለቀለት ቆዳ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ከባድ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ በጨው ይጠበቃል። ከዚያ ፀጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይወልቃል፤ በቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ያለፈ ሰው አፍንጫውን የሚያስይዘው ሽታ ዋና ምንጩ ይኸው ነው። ቀጥሎ ቆዳው እንዳይበሰብስ ይለፋል። በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ፈጣንና ርካሽ ሲሆን ቆዳውንም ለስላሳ ያደርገዋል። ከአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ውስጥ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሥጋ፣ ስብ፣ ፀጉርና ቁርጥራጭ ሆኖ ወይም በውሃው ተሟሙቶ ይወጣል።

ስለ ክሮሚየም የሚነገረው ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። ለማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ሲሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ከተበላሸ፣ ቆዳው በመጥፎ ሁኔታ ከተከማቸ ወይም ተገቢ ያልሆነ ኬሚካል ከተጨመረበት ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ይኸኛው ቆዳን የሚያሳክክ፣ አለርጂ የሚያስነሳና ለካንሰር የሚያጋልጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውነት የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ክሮሚየም ስድስት ከተገኘበት ገበያው ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል። ይህ እንግዲህ በቃል የሚታለፍ ሳይሆን በቤተ ሙከራ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ልጅቱ አንድም ጊዜ አስመርምራ አታውቅም።

ነጋዴውን ደጋግማ ጠየቀችው። መጀመሪያ «ምን አገባሽ?» ቢላትም በመጨረሻ ነገራት። ለቦርሳው አካል የምትጠቀምበት የከብት ቆዳ ከሞጆ አንድ ፋብሪካ ይመጣል። ለጠርዙና ለኪሱ የምትገዛው የበግ ሌጦ ግን ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ትራፊ ስለሆነ ምንጩን ነጋዴው ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ ስለ ቦርሳው ግማሽ መናገር እንችላለን፤ ስለ ግማሹ አንችልም። ይህም ቢሆን መታወቁ በራሱ ዕውቀት ነው።

ሞጆ አብረን ሄድን። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይፈስሳል፤ ቆቃ ደግሞ የአዋሽ ውሃ ነው። በዚህ ውሃ ከብት ይጠጣል፤ አትክልት ይለማል። ፋብሪካው በር ላይ ብዙ አላስቆመንም። የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳዎቹን አሳዩን። የክሮሚየሙ ውሃ ከሌላው ተለይቶ እንደሚወጣም ነገሩን። «የፍሳሽ ምርመራ ውጤት አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አንድ ወረቀት አሳዩኝ። አነበብኩት። ኮፒ ስጡን ስንል ግን «ለውጭ ሰው አንሰጥም» አሉን።

እዚህ ላይ የሕግ ነገር ላንሳ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ማንኛውም ሰው በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳይጠበቅበት በካይ በሆነ ላይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። ምላሽ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ በእኛ ሕግ ውስጥ ያልተለመደ ሰፊ መብት ነው። የምናነሳው ግን ስንቶቻችን ነን? ቦርሳ ሠሪዋ በፋብሪካው ላይ ከሳሽ ትሁን እያልኩ አይደለም። ደንበኛ ናት፤ ደንበኛ ደግሞ ወረቀት የመጠየቅ አቅም አለው። አንዷ ብትጠይቅ «አንሰጥም» ይባላል። 20 ቦርሳ ሠሪ አንድ ላይ ቢጠይቅ መልሱ ሌላ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

«ቆዳ እኮ ተረፈ ምርት ነው»

ልጅቱ በመኪና ውስጥ ስንመለስ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አቀረበች። «ጋሼ፣ በጉ የሚታረደው ለሥጋው ነው። እኔ ባልገዛው ሌጦው ይጣላል» አለችኝ። ውሸት አይደለም። ዱሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ድምፅ የበዓሉ አካል ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ የሚሸት ሌጦ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 567/2000 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ሲጥል ዓላማው ቆዳው እዚሁ እሴት ተጨምሮበት እንዲወጣ ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ከሚጣል ሌጦ ቦርሳ የምትሠራ ሴት የምትመሰገን ናት።

ሆኖም ይህ ክርክር የሚመልሰው ቆዳው ከየት እንደመጣ ብቻ ነው። ከመጣ በኋላ ምን እንደተደረገበት አይመልስም። እንዲያውም አንድ ነገር አስተዋልኩ። የከብቱ ቆዳ ላይ የእሾህ ጭረት፣ የእከክ ጠባሳ፣ የቢላዋ ቀዳዳ አለ። የውጭ ደንበኛ እንከን አልባ ቆዳ ስለሚፈልግ ቆራጩ እነዚህን ሁሉ እየዘለለ ይቆርጣል፤ ከየቆዳው የሚጣለው ብዙ ነው። ታዲያ ለአካባቢ የሚጨነቅ ገዢ ጠባሳ ያለበትን ቆዳ አልፈልግም ሲል ብክነቱን ያዘዘው ማን ነው? እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ ጠባሳ ያለባትን ቦርሳ መርጬ ለባለቤቴ እገዛለሁ ብያለሁ። ባለቤቴ ትስማማ አትስማማ ገና አልጠየቅኋትም።

ከፕላስቲክ የሚሠራውን ቦርሳ በተመለከተ፣ «ከእንስሳ ነፃ» መባሉ ብቻውን ለአካባቢ ተስማሚ አያሰኘውም። አብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ነው። ርካሹ ዓይነት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይላጣል፤ ከተላጠም አይጠገንም።

ገበሩን ገልብጡት

ቦርሳዋን ስትከፍቷት ገበሯ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ነው። ውበቷም እሱ ነው። ልጅቱ ከሽሮ ሜዳ ነው የምትገዛው። «በእጅ የተሸመነ» ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። ግን የማን እጅ ነው? ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በሽመና ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መኖሩ ለዓመታት ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሕፃናት ጉልበት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው የኢትዮጵያ ምርቶች መካከልም በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይገኛል። ይህን ስል ሸማኔውን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጤ አይደለም። አብዛኛው ከልጆቹ ጋር በላቡ የሚኖር ሰው ነው። ጥያቄው የዚህችኛዋ ቦርሳ ጨርቅ የተሸመነው የት ነው የሚል ነው።

ይህ ደግሞ ከቆዳው ይልቅ የቀለለ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴውን ትታ ሁለት ሸማኔዎችን በስም አወቀች። ቤታቸው ሄዳ አየች። ከዚያ ወዲህ ከእነሱ በቀጥታ ትገዛለች። ዋጋው ለእሷ እምብዛም አልጨመረም፤ ለሸማኔዎቹ ግን ጨምሯል። አንዳንድ ጊዜ ሥነ ምግባር ማለት አንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ብቻ ነው።

የዘጠኙ ሰዎች ጉዳይ

አሁን ወደ ቤቷ እንግባ። መሥሪያዋ የተከራየችው ቤት ነው። ብርሃን አለው። ሠራተኞቹ ይሳሳቃሉ። ሬዲዮ ተከፍቷል። የሥራ ውላቸውን ሳይ ግን ከዘጠኙ አራቱ ብቻ ናቸው የጽሑፍ ውል ያላቸው። አምስቱ «በቁጥር» የሚሠሩ ናቸው፤ በሰፉት ቦርሳ ልክ ይከፈላቸዋል። ልጅቱ እነዚህን «ሠራተኞቼ ሳይሆኑ ተባባሪዎቼ ናቸው» ትላቸዋለች። የጡረታ መዋጮም አይከፈልላቸውም።

ሕጉ ስያሜን ሳይሆን ግንኙነቱን ነው የሚያየው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት በደመወዝ ለመሥራት ከተስማማ፣ ለተወሰነ ጊዜም ይሁን ለተወሰነ ሥራ፣ የሥራ ውል አለ ይላል። ጠዋት የምትከፍተው እሷ፣ ቆዳውን የምትሰጠው እሷ፣ አሠራሩን የምታዝዘው እሷ ከሆነች እነዚህ ሰዎች ሠራተኞች ናቸው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያውም በቀኑ ክፍል አንድ ተኩል፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። የወለደች ሴት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። በጡረታ አዋጁ መሠረት ደግሞ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። «ትንሽ ድርጅት ነኝ» ማለት ከእነዚህ አያድንም።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። የበለጠ የደነገጥኩት ግን እኔ ነኝ። አንዷን ሰፊ ስለ ጡረታው ስናስረዳት፣ «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው የዛሬውን ነው፤ የነገውን ማን አየ? ሰባት ብሩን ከመቶ ላይ አትቁረጡብኝ» አለች። ልክ ናት፤ የቤት ኪራይ ነገን አይጠብቅም። ሕጉም ልክ ነው፤ ሠራተኛ ይህንን መብት በስምምነት እንዲተው ያልተፈቀደው በችግር ጊዜ ሁሉም ሰው እንደሚተወው ስለሚታወቅ ነው። መፍትሔው ተቆራጩን የሚሸፍን ጭማሪ ማድረግ ነበር። ጭማሪው ደግሞ ከቦርሳው ዋጋ ላይ መምጣት አለበት።

ሕጉን መፈጸም ብቻውን በቂ ነው ወይ? አይደለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ራሱ ዝቅተኛውን ደመወዝ በቁጥር አላስቀመጠም። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ያወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ሲያስነብብ ብዙዎቻችን አፍረን ነበር። ያ ክፍያ ሕግ የጣሰ አልነበረም። ስለዚህ ሕጋዊ መሆን ወለሉ ነው፤ ሥነ ምግባር የሚጀምረው ከወለሉ በላይ ነው። አንድ ሠራተኛ በተከፈለው ገንዘብ ኪራይ ከፍሎ፣ በልቶ፣ ልጁን አስተምሮ ይተርፈዋል ወይ? ይህን የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ባለቤቷ በሌለችበት መጠየቅም አለበት።

ሌላው ማስቲሽ ነው። ቆዳ የሚጣበቅበት ይህ ማጣበቂያ በውስጡ ያለው ማሟሚያ ሲተን ራስ ያዞራል። ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ነርቭ የሚጎዳ ዓይነትም አለው። በእሷ መሥሪያ ውስጥ ማስቲሽ የሚቀባው ልጅ ጥግ ላይ፣ ከመስኮቱ ርቆ ተቀምጦ ነበር። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ለማዛወርና የአየር መሳቢያ ለመግጠም የወሰደው ግማሽ ቀን ነው። ለስድስት ዓመት ያልተደረገው ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው።

ይኸው ልጅ በጨዋታ መሀል አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ ቆዳ እንደሚሠራ አልነገራቸውም አለኝ። «ፋቂ ነው ይሉኛል» አለ። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ስድቡ ግን አልሞተም። በሥነ ምግባር ስለተሠራ ቦርሳ የምናወራ ሰዎች መጀመሪያ የሠሪውን ስም ማክበር ሳይገባን አይቀርም።

ጠያቂውስ አይጠየቅም ወይ?

እነዚያን 23 ጥያቄዎች ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ገዢው ስለ ራሱ የጻፈው አንድም መስመር የለም። ከውል ረቂቁ እንዳየሁት ክፍያ የሚፈጽመው ዕቃው በደረሰ በ60 ቀን ነው። እሷ ግን ደመወዝ በየወሩ፣ ቆዳ በጥሬ ብር ትከፍላለች። በሌላ አነጋገር የዘጠኝ ሰዎች መሥሪያ ለአውሮፓ ሱቅ ያለ ወለድ ታበድራለች ማለት ነው። ትእዛዙ ዘግይቶ መጥቶ ቀኑ ካልተራዘመ ደግሞ ያ የ12 ሰዓት የትርፍ ሥራ ገደብ የሚጣሰው በማን ጥያቄ ነው? ስለዚህ በመልሷ መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ እንድትጨምር መከርኳት። ቅድመ ክፍያ ትሰጣላችሁ ወይ? ትእዛዝ ከመጣ በኋላ ንድፍ ከቀየራችሁ የማስረከቢያውን ቀን ታራዝማላችሁ ወይ?

ወረቀቱ እንደገና ሲጻፍ

በመጨረሻ ያቺን የመጀመሪያ መስመር ሰረዝናት። ምክንያቱ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ቁጥር 2024/825 «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚሉ ጥቅል አባባሎችን ያለ ማስረጃ ለሸማች ማቅረብን ይከለክላል፤ ተፈጻሚ እንዲሆን የተወሰነው ከመስከረም 27 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ሲከለክል፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉን የጻፍነው ቀድመን ነበር ማለት ነው፤ የማንበብ ልማድ ነው የጎደለን።

በተሰረዘው መስመር ቦታ የገባው ሦስት ክፍል ያለው ጽሑፍ ነው። አንደኛው የምናውቀው ይላል፤ የከብቱ ቆዳ የተለፋበትን ፋብሪካ፣ ጨርቁን የሸመኑትን ሁለት ሰዎች፣ የዘጠኙን ሠራተኞች ውልና የሥራ ሰዓት ይዘረዝራል። ሁለተኛው የማናውቀው ይላል፤ የበግ ሌጦውን ምንጭ፣ የዚፑንና የዘለበቱን ሠሪ፣ የክሮሚየም ስድስት ምርመራውን ያስቀምጣል። ሦስተኛው እስከ መቼ ምን እንደምናደርግ ይላል፤ ሌጦውን ምንጩ በሚታወቅ ለመተካት ስድስት ወር፣ ምርመራውን ለማስደረግ ሁለት ወር። የተበጠሰ ማንገቻና የተበላሸ ዚፕ በነፃ ለመጠገንም ቃል ገብታለች። ረጅም ዕድሜ የሌለው ዕቃ ዘላቂ ሊባል አይችልምና፣ በእኔ ሚዛን ከሁሉም ትልቁ ቃል ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ክፍል ሲያዩ ይሸሻሉ እኮ» አለችኝ ከመላኳ በፊት። ፍርሃቷ ይገባኛል። ከዚያ ትእዛዝ ጀርባ የዘጠኝ ቤተሰብ እንጀራ አለ። እኔም ተሳስቼ እንደሆነ አስቤ አንድ ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ላከችው። ከአሥር ቀን በኋላ መልስ መጣ። ትእዛዙን አልሰረዙም፤ አላጸኑትምም። የምርመራውን ውጤት ካዩ በኋላ በግማሽ ቁጥር እንደሚጀምሩ፣ ከዋጋውም ሠላሳ በመቶ ቅድሚያ እንደሚከፍሉ ጽፈዋል። ይህ ድል ነው ሽንፈት? ልጅቱ ገና አልወሰነችም። የምርመራው ውጤትም ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልደረሰም።

እናንተስ ውድ አንባቢያን፣ ነገ አንድ ሱቅ ገብታችሁ «በሥነ ምግባር የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ቆዳው የት ተለፋ? ማን ሰፋው፣ በምን ውል? ገበሩን ማን ሸመነው? ቢበላሽ ትጠግኑታላችሁ? እነዚህን አራት ጥያቄ ጠይቁ። ሻጩ ሁሉንም ከመለሰላችሁ ጥሩ ነው። «ይህኛውን አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ካላችሁ ደግሞ የበለጠ እመኑት። አንዳች ሳያቅማማ «ሁሉም ንጹሕ ነው» የሚላችሁን ግን ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሁኑበት።

ቸር ይግጠመን።